ጎፈር የሌለው አንበሳ

ከሰሞኑ ደብዳቤዎች ይሄን መረጥኩ። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ወር በፊት ግንባታው በቆመ ሕንጻ ሥር ተጠቅልሎ የተኛ ውሻ አገኘሁና ቤት አመጣሁት። አጥንቱ ይቆጠር ነበር። አንበሳ ያልኩት የመጀመሪያ ቀን ምግብ ሳቀርብለት ስላጓራብኝ ነው። አሁን ወፈር ብሏል፤ ስገባ ጭራውን ይቆላልኛል። ፀጉሩ ግን እየባሰበት ነው። መጀመሪያ የጆሮው ጫፍ ነበር፣ ቀጥሎ ክርኑ፣ አሁን ሆዱ ሁሉ ተመልጧል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል፤ እኔም አብሬው አድራለሁ። ጎረቤቴ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢው፣ የእኔ ውሻ በእሱ ነው የዳነው አለኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ለራሷ የታዘዘላትን የቆዳ ቅባት ሰጠችኝ። እናቴ ሰሞኑን ክንዷ ላይ ሽፍታ ወጥቶባት ‹ይሄ ውሻ ከቤቴ ይውጣ› ብላለች። እሷንም ማስቀየም አልፈልግም፣ እሱንም መልሼ መጣል አልችልም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዘይቱን አስቀምጪው። ቅባቱንም ለጓደኛሽ መልሺላት። ከዚያ ተረጋግተን እናወራለን።

የተቃጠለ ዘይት ምክር የሌለበት አገር ያለ አይመስለኝም። ጎረቤትሽ ውሸታም አይደለም፤ የሚነግርሽ ከልቡ ነው። ግን ውሻ ገላው ላይ ያለውን ሁሉ ይልሳል። ያ ዘይት ሞተር ውስጥ ሲዞር የከረመ ነው፤ የብረት ብናኝና የተቃጠለ ኬሚካል አዝሏል። በምላሱም በቆሰለ ቆዳውም በኩል ገብቶ ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። የጎረቤትሽ ውሻ ምናልባት ምንም ባይቀባም ይድን ነበር። አንዳንዱ የቆዳ ችግር፣ በተለይ ቡችላ ላይ ሲሆን፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ምስጋናውን የሚወስደው ግን ያን ሰሞን የተቀባው ነገር ነው። ላምባና በረኪናም እንደዚያው፤ አጠገቡ እንዳይደርሱ።

የቅባቱን ጣጣ ደግሞ ከራሴ ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ቡችላ ነበረችኝ። በዓይኖቿ ዙሪያ ፀጉሯ ክብ ሠርቶ ተመለጠ፤ መነፅር ያደረገች ትመስል ነበር። አላሳከካትም፣ አላመማትም። እኔም ሐኪም ዘንድ መውሰዱን ትቼ አንድ የመድኃኒት መሸጫ ገባሁና በቃል አስረዳሁ። ሻጩ ውሻዋን ሳያያት አንድ ቅባት ሰጠኝ። በሳምንቱ ቅላቱ ጠፋ። ደስ አለኝ፤ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በወሩ መላጣው ከፊቷ አልፎ የፊት እግሮቿ ላይ ወረደ። በኋላ ሐኪሙ ቆዳዋን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ዴሞዴክስ የሚባለው ተባይ ነበር። ቅባቱ ደግሞ ስቴሮይድ አለበት። ስቴሮይድ የቆዳን መከላከያ ስለሚያዳክም ለተባዩ ሜዳውን ለቀቀለት። አንድ ወር ሙሉ ተባይ ስቀልብ ከርሜአለሁ ማለት ነው። የጓደኛሽ ቅባት ምን እንዳለበት አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ችግሩም እሱ ነው።

የፀጉር መመለጥ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንደሆነው ሁሉ ይሄም ምልክት ነው፤ ከኋላው ያለው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «ምን ያህል ተመለጠ?» ብሎ ሳይሆን «የቀደመው የቱ ነው?» ብሎ ነው። ማሳከኩ ቀድሞ፣ እሱም እያከከና እየነከሰ ነው ፀጉሩን የነቀለው? ወይስ ፀጉሩ ዝም ብሎ ረግፎ ማሳከኩ በኋላ መጣ? መልሱ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። ቆም ብለሽ አስታውሺ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፎቶ አንስተሽው ከነበረ አሁን አውጥተሽ እዪው።

በደብዳቤሽ ውስጥ አራት ነገር አስምሬበታለሁ። የጆሮ ጫፍ። ክርን። ሆድ። የእናትሽ ክንድ። ሌሊት የሚያስቸግር ማሳከክ ሲጨመርበት ይሄ ነገር እከክ እከክ ይለኛል። በሩቅ ሆኜ መፍረድ አልችልም፤ ገንዘብ የማስይዝ ብሆን ግን በእሱ ላይ ነው የማስይዘው። የውሻ እከክ የሚመጣው ሳርኮፕቴስ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ተባይ ነው። እንስቷ የላይኛውን ቆዳ እየቦረቦረች ትገባለች፤ በቦረቦረችው መንገድ ላይ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላል እስከ ሙሉ ተባይ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባቸዋል። ፀጉር ሳሳ ያለበትን ቦታ ይመርጣሉ፤ ለዚህ ነው የጆሮ ጠርዝ፣ ክርን፣ ሆድ የሚሆነው። «እከክ የሰጠ ጥፍር አይነሳም» ይባላል። አንበሳን ግን የጎዳው ያው ጥፍሩ ነው፤ ባከከ ቁጥር ቆዳው ይቆስላል፣ በቁስሉ ባክቴሪያ ይገባል፣ ያ ደግሞ ሌላ ማሳከክ ያመጣል።

አንድ ነገር ቤትሽ ሆነሽ መሞከር ትችያለሽ። አንበሳ ተረጋግቶ በተኛበት ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪ። የጆሮውን ጫፍ አጠፍ አድርገሽ፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር በሁለት ጣትሽ ለጥቂት ሰከንድ አሸት አሸት አድርጊው። በዚያው በኩል ያለው የኋላ እግሩ አየር ላይ ማከክ ከጀመረ የእከኩ ጥርጣሬ ይጠነክራል። እግሩ ዝም ካለ ግን ከእከክ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ካጓራ ተዪው፤ ጆሮው ያመው ይሆናል። ስትጨርሺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

ሌሎቹንም ላንሳ፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ የኖረ ውሻ ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ብቻ ይዞ አይመጣም።

ቁንጫ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። መላጣው ጀርባው መጨረሻ ላይ፣ ጭራው ሥርና ጭኑ አካባቢ ከሆነ ወዲያ እዪ። ፀጉሩን ነጭ እርጥብ ወረቀት ላይ አበጥሪው። የሚረግፈው ጥቁር ፍርፋሪ እርጥበቱ ሲነካው ቀይ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የራሱ የውሻው ደም ነው። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለው ውሻ ጥቂት ንክሻ ብቻ ሲያሳብደው ይውላል። ስለዚህ «አንድም ቁንጫ አላየሁበትም» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሚታየው ቁንጫ ይልቅ እንቁላሉና ገና ያላደገው እጭ ነው የሚበዛው፤ እሱ ደግሞ ያለው ምንጣፍሽና አልጋው ላይ ነው። ውሻውን አክሞ ቤቱን መተው ባልዲው ተቀዶ ውኃ መቅዳት ነው።

ጭርት ሌላው ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ (ሪንግዎርም፣ «የቀለበት ትል») ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ትል የለበትም፣ ፈንገስ ነው። ብዙ ጊዜ ክብ ሆኖ፣ ቅርፊት ይዞ፣ ፀጉሩ ሥሩ ላይ ተሰብሮ ይታያል። ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ሕጻናት፣ በቀላሉ ይሄዳል። ዘሩም ከረገፈ ፀጉር ጋር ቤት ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ዴሞዴክስን ቅድም አነሳሁት። ይሄ ተባይ በጤነኛ ውሻም ፀጉር ሥር በጥቂቱ አለ፤ ቡችላው ከእናቱ የሚወስደው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየጠባ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። የውሻው አቅም ሲደክም ነው የሚፈላው። አንበሳ ደግሞ ተርቦ የኖረ ነውና አቅሙ ደክሞ እንደነበር አያጠራጥርም።

የሆርሞን ችግርም ፀጉር ያረግፋል፤ የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ወይም ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ሲያበዛ። ያኔ ግን መላጣው በግራና በቀኝ እኩል ነው፣ ብዙም አያሳክክም፣ ውሻው ይፈዝዛል ወይም ውኃ አብዝቶ ይጠጣል። የአንበሳ ነገር ይሄን አይመስልም።

አሁን አንቺን በጣም ግራ ያጋባሽ ወደሚመስለኝ ነገር ልምጣ። «እያበላሁት፣ እየወፈረ፣ ፀጉሩ ለምን ይብሳል?» አላልሽም፤ በደብዳቤሽ መሃል ግን ሰማሁት። ፀጉር አብዛኛው ፕሮቲን ነው። የተራበ ገላ ያለውን ፕሮቲን ለልብና ለጡንቻ ያደርገዋል፤ ፀጉር ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ከከባድ ረሃብ ወይም ሕመም በኋላ ብዙው ፀጉር ባንድ ጊዜ ማደጉን ያቆማል። ቆይቶ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ፣ አዲሱ ከሥር ሲገፋው ይረግፋል። ስለዚህ አንቺ ቤት የሚረግፈው ፀጉር ከፊሉ የዚያ ሕንጻ ሥር ዘመን ዕዳ ሊሆን ይችላል። ይሄ ማሳከኩን አያስረዳም፤ አንቺን ከጥፋተኝነት ስሜት ግን ነፃ ያወጣሻል።

ስለ እናትሽ። ልክ ናቸው፣ እህቴ። «ውሻው ነው ያስያዘኝ» ካሉሽ አትከራከሪ። የውሻ እከክ ተባይ ወደ ሰው ይሻገራል። ውሻው የታቀፈበት ወይም የተጠጋበት ቦታ ላይ፣ ክንድና ሆድ ላይ፣ ቀያይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያወጣል። ደግነቱ ሰው ላይ ዘር አይተካም። ውሻው ሲታከም የሰውየውም ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ይጠፋል። ጭርት ከሆነ ግን በራሱ ይለቃል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ እሳቸውም መታከም አለባቸው። ስለዚህ እናትሽ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ «ቤታችን የሚያሳክከው ውሻ አለ» ብለው ይንገሩ። ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ናት።

እስከዚያ ድረስ አንበሳን አንድ ጥግ ስጪው። ሶፋና አልጋ ላይ አይውጣ። የሚተኛበት ጨርቅ በቶሎ የሚታጠብ ይሁን፤ ሁለት ካሉሽ አንዱን በሙቅ ውኃ ስታጥቢ ሌላውን ታነጥፊለታለሽ። የእከክ ተባይ ከውሻው ገላ ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። እሱን መንካት ያለብሽ አንቺ ብቻ ሁኚ፤ እጅጌው ረዥም የሆነ አንድ ልብስ ለዚሁ መድቢ። ለእናትሽም «ይውጣ አልልም፣ ግን እርስዎ እስኪድኑ አይጠጋዎትም» በያቸው። ብዙ እናት ከዚያ በላይ አትፈልግም።

ወደ እንስሳት ሐኪም ስትሄጂ አጥበሽው አትሂጂ። ይሄን ብዙ ሰው ያጠፋል፤ ለሐኪሙ ክብር ብሎ ውሻውን አጥቦ፣ አበጥሮ፣ ማስረጃውን ሁሉ ፍሳሽ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። እንደ ቆሸሸ ውሰጂው። ሐኪሙ ደነዝ ባለ ምላጭ ቆዳውን ደም ትንሽ እስኪያወዛ ይፍቀዋል። አትደንግጪ፤ ጥልቁ ተባይ ካልተጨመቀ አይወጣም። ፀጉር ይነቅል ይሆናል፣ በማጣበቂያ ፕላስተር ቆዳውን ይነካ ይሆናል፣ ጭርት ከጠረጠረ በልዩ መብራት ያየዋል ወይም ናሙና ያስቀምጣል። የእከክ ተባይ ቆዳው ሲፋቅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። «ምንም አላገኘሁም፣ ግን እንደ እከክ ላክመው» ቢልሽ ሐኪሙ ገምቶ እየሠራ አይምሰልሽ፤ የተለመደ አሠራር ነው።

መድኃኒቱን እሱ ይምረጥ። አይሶክሳዞሊን የሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ክኒኖች ቁንጫንም፣ መዥገርንም፣ ሳርኮፕቴስንም፣ ዴሞዴክስንም ያጠፋሉ። ውሻው ከዚህ በፊት አንቀጥቅጦት ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ ግን ቀድመሽ ተናገሪ። አንቺ የምትጠነቀቂው ለከብት የተሠራ አይቨርሜክቲንን «ትንሽ ብቻ» እያሉ ከሚወጉ ሰዎች ነው። ያ መድኃኒት የተለካው መቶዎች ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ ነው። እንደ ኮሊ ያሉ እረኛ ውሾችና ቅልቅሎቻቸው ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው እንዳይገባ የሚከለክለው ጂን ጉድለት ሊኖርበት ይችላል፤ በዚያ መጠን ሊሞቱ ይችላሉ። የአንበሳን አባት ማን ያውቀዋል? ሌላ ውሻ ካለሽ፣ ባያክም፣ አብሮ ይታከም። መድኃኒቱን ከጀመርሽ በኋላ ማሳከኩ ሙሉ በሙሉ እስኪተው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በአሥረኛው ቀን «አልሠራም» ብለሽ እንዳታቋርጪ።

እግረ መንገድሽን የእብድ ውሻ ክትባቱን አስወጊው። መንገድ ላይ የኖረ ነው፤ በምግብ ላይም ያጓራል። እስኪከተብም በኋላም ቢነክስሽ ወይም ቢቧጭርሽ ቁስሉን በውኃና ሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂ። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ሐኪሙ የመድኃኒት ሻምፖ ካዘዘ ቁም ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሻምፖ ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። 10 ደቂቃ አጭር ይመስልሻል። እርጥብ ውሻ ይዘሽ ሞክሪው። የእኔዋ ቡችላ በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ግድግዳውን፣ ሱሪዬንና ጣሪያውን ሳይቀር አረፋ አልብሳኝ ነበር። በኋላ የተማርኩት ይሄ ነው፦ ውኃው ለብ ያለ ይሁን፣ ሙቅ ውኃ ማሳከክ ያብሳል። ከታመመው ቦታ ጀምሪ። ሰዓቱን መቁጠር የምትጀምሪው የመጨረሻው ቦታ ከተቀባ በኋላ ነው። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ያልታመመውን ቦታ፣ ደረቱን ወይም አገጩ ሥር፣ ቀስ እያልሽ እሺለት፤ እያወራሽው። ጣቶቹ መሃል ሳይቀር አለቅልቂው። በፎጣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂው እንጂ አትፈትጊው። የሰው ሻምፖ አይሆንም፤ የሰው ቆዳ ወደ አሲድነት ያደላል፣ የውሻው ወደ ገለልተኛው ይቀርባል፣ ስለዚህ ያደርቀዋል።

ጥፍሩን አሳጥሪለት፤ ሌሊት ሲያክ የሚያደርሰው ጉዳት ይቀንሳል። የተመለጠው ሆዱ በጠራራ ፀሐይ ይቃጠላል፣ ሲበርድም ይንዘፈዘፋል። ጥላ ቦታና ወፈር ያለ አንሶላ በቂ ነው። የሰው የፀሐይ መከላከያ ክሬም አትቀቢው፤ አንዳንዱ ዚንክ አለበት፣ ይልሰዋል። ክርኑ ላይ ደረቅና ወፍራም መላጣ ቢቀር ግን ሁሉ ቦታ ከዳነ በኋላም አትጨነቂ፤ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ የኖረ ውሻ ክርን እንደዚያ ነው።

ምግቡን ባንዴ አታብዢበት። ለእድሜው የተመጣጠነ ምግብ፣ በቀን ከፋፍለሽ። የፀጉር ቫይታሚን እያሉ ከሚሸጡት ዱቄት በፊት ያ ይቀድማል። «ለተባይ ጥሩ ነው» ብለው ነጭ ሽንኩርት የሚያበሉ አሉ፤ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ ተዪው።

መግል ካየሽ፣ ሽታው ከከረፋ፣ ቆዳው ካበጠ ወይም መብላት ካቆመ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ውሰጂው።

ስለ ጊዜው እውነቱን ልንገርሽ። መጀመሪያ የሚመለሰው እንቅልፍ ነው፤ የእሱም የአንቺም። ቀጥሎ ቅርፊቱ ይራገፋል። ፀጉሩ የመጨረሻው ነው፤ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። በየቀኑ ካየሽው ለውጥ አይታይሽም። ሳምንት በሳምንት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መብራት፣ ሆዱንና ጆሮውን ፎቶ አንሺ። የእኔዋ ቡችላ ላይ መጀመሪያ ያየሁት ፀጉር አልነበረም። አንድ ጠዋት መስኮት ሥር ተኝታ፣ ፀሐይ በጎን ሲመታት፣ ግንባሯ ላይ እንደ በቆሎ ሐር ያለ ጭጋግ አየሁ። በጣቴ ስነካው አልተሰማኝም። ቆይቶ ሲበዛ ቀለሙ ከድሮው ጠቆር አለ። የአንበሳም ቀለም ቢለወጥ አይግረምሽ።

የጆሮውን ነገር ዛሬ ማታ ሞክሪና እግሩ ያደረገውን ጻፊልኝ። ለእናትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።